ለዓለም አንድ ሰዓት ይዤ ወደ ናይሮቢ

«ለመሆኑ ሰዓቱን ማን አበላሸው?»

ይህን የጠየቁኝ ወይዘሮ ጫልቱ ናቸው፤ ሞያሌ ላይ ቴርሞስና ብርድ ልብስ የሚነግዱ፣ ከቃሊቲ መናኸሪያ ጀምሮ አውቶቡስ ውስጥ ጎኔ የተቀመጡ ሴት። ናይሮቢ ምን እንደሚወስደኝ ጠይቀውኝ፣ «የዓለምን የሰዓት አቆጣጠር ለማቅለል የሚመክር ስብሰባ አለ፤ እዚያ ጽሑፍ ላነብ ነው» ስላቸው ለውዝ መፈልፈላቸውን አቁመው ዞረው አዩኝ። ከዚያ ይህን ጠየቁኝ። ስመለስ እነግርዎታለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ይኸው ሄጄ ተመልሻለሁ፤ መልስ የለኝም። የሚያውቅ ሰው ካለ ሞያሌ ቴርሞስ ተራ ሄዶ ለራሳቸው ይንገራቸው።

ጽሑፉ የእኔ እንዳልሆነ ከወዲሁ ልናገር። የጋሽ ለገሠ ነው። ጋሽ ለገሠ አቃቂ በሰቃ፣ ከድሮው ሐዲድ አጠገብ የሚኖሩ የባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ በወጣትነታቸው በመስመሩ ላይ ካሉት ትናንሽ ጣቢያዎች በአንዷ ሹም ነበሩ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ካደግሁ በኋላ ነው። የማታ ትምህርት ስገባ አስተማሪያችን በዕድሜ ታናሼ ነበረች፤ እሷን ደጋግሜ መጠየቅ እያፈርኩ የቤት ሥራዬን ለጋሽ ለገሠ አሳይ ነበር። ዛሬ ገላን ኮንዶሚኒየም ገብቻለሁ፣ አንድ ትንሽ ንባብ ቤት ውስጥም መጻሕፍት አዋሳለሁ። የተሳሳተ ኮማ ሳይ ግን አሁንም የምሰማው የእሳቸውን ጉሮሮ መጥረግ ነው።

የጋሽ ለገሠ ሐሳብ ለመናገር አጭር ነው። ዓለም ሁሉ አንድ ሰዓት ይኑረው። አቃቂ ሦስት ሰዓት ሲሆን ቶኪዮም ሦስት፣ ሊማም ሦስት ይበል። በዚያ ሰዓት አንዱ ቢተኛ፣ ሌላው ምሳ ቢበላ የየራሱ ጉዳይ ነው። «ፀሐይ የግል፣ ሰዓት የጋራ» ይላሉ። ይህን ለዓመታት ሲያስቡ ኖረው በመጨረሻ በእጃቸው ጻፉት፤ እኔ ወደ እንግሊዝኛ መልሼ በንባብ ቤቱ ኮምፒውተር ተየብኩት። ድንበር ተሻግረው አብረው የሚሠሩ ሰዎች፣ የጭነት አስተላላፊዎች፣ አበባ ላኪዎች፣ እንደ እኔ ያሉ የመጻሕፍት ሠራተኞች፣ የስልክ ስብሰባ ሰዓት መገጣጠም እያቃታቸው ናይሮቢ ሊመካከሩ መሆናቸውን ስሰማ ላክሁላቸው። «ጸሐፊው መጥተው ያንብቡልን» የሚል መልስ መጣ።

የጋሽ ለገሠ ጉልበት ግን ከቤታቸው እስከ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ቀርቶ እስከ አስፋልቱም አያደርስም። «አንቺ ሂጂ» አሉኝ። እኔ! በዕድር ስብሰባ ላይ ስሜ ሲጠራ እንኳ «አለች» የምትልልኝ ጎረቤቴ ናት።

«ቃል በቃል አንብቢው» አሉኝ። «ከዚህ በኋላ ሌላ ነገር አልጽፍም። ይህ ከተሰማልኝ ይበቃኛል።»

እንዲህ ተብሎ ተለምኖ እንቢ የሚል ካለ እሱ የጋሽ ለገሠን ዓይን አላየም።

ሰኞ ተነሣሁ። ትኬቴ ላይ የተጻፈው አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ቀደም ብዬ ቃሊቲ መናኸሪያ ተገኘሁ። አውቶቡሱም ተገኝቷል። ሾፌሩ ግን የለም። ሾፌሩ ሲመጣ ረዳቱ ቁርስ ሄደ፤ ረዳቱ ሲመለስ ጣሪያ ላይ የታሰረው ሶፋ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። ጋሽ ለገሠ በባጃጅ ሊሸኙኝ መጥተው ከዘራቸውን ተደግፈው ይህን ሁሉ አዩ። ጽሑፉ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በላዩ ላይ በጥቁር የጫማ ክር ታስሮ እጃቸው ላይ ነበር።

«ይኸውልሽ!» አሉኝ አውቶቡሱን በከዘራቸው እያመለከቱ። «አንድ ሰዓት ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።»

«ጋሽ ለገሠ፣ እዚህ ያለነው ሁላችንም እኮ አንድ ሰዓት ነው የምንጠቀመው።»

«አታቋርጪኝ።»

ፀሐይ ከወጣች በኋላ ተንቀሳቀስን። የሶፋው ባለቤት ከኋላ ወንበር ተኝቶ ተገኘ።

ሞጆን አልፈን ወደ ዝዋይ ስንቃረብ ጎማ ፈነዳ። የተሳፈረ ወንድ በሙሉ ወርዶ ጎማውን ከበበ፤ እያንዳንዱ ለረዳቱ መመሪያ ይሰጣል፣ ክሪኩን የሚነካ ግን የለም። ይህ ነገር ከአቃቂ ጋር ልክ አንድ ነው፤ እኛም ጋ አንድ ሰው ጉድጓድ ሲቆፍር ስምንቱ ቆመው ያያሉ። ሐይቁ ከሩቅ ያንጸባርቃል። ከአቃቂ ወንዝ ጋር ማወዳደር ለሐይቁ ስድብ ስለሚሆን ይቅር። ወይዘሮ ጫልቱ ከመንገድ ዳር የተጠበሰ ዓሣ ገዝተው መጡና እሾሁን እየለቀሙ ያጎርሱኝ ጀመር። ያወቅኋቸው ጠዋት ነው! «ብይ፣ ሰዓት የሚያስተካክል ሰው በባዶ ሆድ አይሆንለትም» ይሉኛል፤ ከፊት ያሉት ሰዎች ዞረው «ሰዓት ሠሪ ናት እንዴ?» ይባባላሉ። እስከ ሻሸመኔ ድረስ ሁለት ሰዎች የቆሙ የእጅ ሰዓቶቻቸውን አውጥተው አሳይተውኛል። አንዱ የባትሪ ችግር ነበር፤ ነገርኩት።

ዲላ አደርን። የሆቴሉ ክፍል ቁልፍ የታሰረበት እንጨት ከበሩ ይከብዳል፤ ውኃው በባልዲ ነው፤ አልጋው ግን ንጹሕ ነበር። በነጋታው አውቶቡሱ በአሥራ ሁለት ስለሚነሣ ዘበኛውን ጠርቼ፣

«በአሥራ አንድ ሰዓት ቀስቅሰኝ» አልኩት።

«በማን?» አለኝ።

«እንዴት በማን?»

«በእኛ ነው በፈረንጅ?»

ትዕግሥቴ አለቀ። «ወንድሜ፣ በፈረንጅ አሥራ አንድ ማለት እኮ በእኛ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ነው። ያኔ እኔ ያቤሎ ነኝ።»

«ገብቶኛል እትዬ» አለኝ በትሕትና። «ግን አንድ ጊዜ አንድ ፈረንጅ በአምስት ቀስቅሰኝ አለኝ። እኔም በአምስት ቀሰቀስኩት። ምስኪን፣ ገና ጋደም ማለቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ እናቴም ብትሆን በማን ሳልላት ሰዓት አልቀበልም።»

ክፍሌ ገብቼ ነገሩን ለጋሽ ለገሠ እንደምነግራቸው አሰብኩ። በአንድ አገር ሁለት አቆጣጠር ሲኖር ዘበኛ እንኳ እንደሚጉላላ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል ብዬ ነው። ዘበኛው በበኩሉ በሰዓቱ አንኳኳ።

ማክሰኞ ሙሉ ቀን መንገድ ላይ ዋልን። ቡሌ ሆራን ካለፍን በኋላ አረንጓዴው እየሳሳ፣ አፈሩ እየቀላ ሄደ፤ ግመሎች አስፋልቱ መሐል ቆመው ሾፌሩን ሽቅብ ቁልቁል ያዩታል። የምስጥ ኩይሳዎቹ ከሰው ቁመት በላይ ናቸው። ከገላን ኮንዶሚኒየም ጋር ሳነጻጽራቸው ምስጦቹ አንድ ብልጫ አላቸው፤ ውኃ ሲጠፋ ለኮሚቴ አያመለክቱም።

ሞያሌ ስንደርስ ሆቴል እንዲያሳዩኝ ወይዘሮ ጫልቱን ጠየቅኋቸው።

«ሆቴል? ሰው እያለሽ?» አሉኝ፤ ቦርሳዬን ነጥቀው ቀደሙኝ።

ቤታቸው ዙሪያውን ቴርሞስ ነው፤ እኔ የተኛሁት በሁለት የቴርሞስ ግድግዳዎች መካከል ነበር፤ ሌሊት እንዳልገላበጥ ፈርቼ እንደ ሐውልት አደርኩ። በግመል ወተት የተፈላ ሻይ አጠጡኝ። ጭስ ጭስ ይላል፣ ግን ይጣፍጣል። እየጠጣን ሳለ ከድንበሩ ማዶ የሚያቀብላቸው ነጋዴ ስልክ ደወለና «ነገ በሁለት እመጣለሁ» አላቸው። ጠዋት ይሁን ከሰዓት እንዴት እንደሚያውቁ ጠየቅኋቸው።

«በድምፁ ነዋ» አሉኝ። «ጠዋት የሚመጣ ሰው ይቸኩላል። ከሰዓት የሚመጣ ሰላምታ ያበዛል።»

ይህ ዘዴ በጋሽ ለገሠ ጽሑፍ ውስጥ አልተጠቀሰም።

ረቡዕ ማለዳ ድንበሩን ስሻገር ዓይኔ ስልኬ ላይ ነበር። ስልኬ እንደ ብዙዎቻችን ስልክ በፈረንጅ ነው የሚያሳየው፤ እኔ ስድስት እየቀነስኩ ነው የምኖረው። ኬንያና ኢትዮጵያ በዓለም የሰዓት ክልል አንድ መሆናቸውን በመጽሐፍ አንብቤአለሁ። ቢሆንም አገር ለቅቄ ስወጣ አንዲት ደቂቃ እንኳ አለመነቃነቁ ትንሽ ቅር አሰኘኝ። ሰው እንግዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ውጭ አገር ሲሄድ የሆነ ነገር ይጠብቃል።

የተለወጠው የመኪናው በር ነው። የናይሮቢው አውቶቡስ መጥቶ ሲቆም በለመድኩት በኩል ቆሜ በሩ እስኪከፈት ጠበቅሁ። ሰው ሁሉ እየሮጠ ወደ ማዶ ሲዞር፣ የማይረባ ወረፋ ይይዛሉ ብዬ ታዘብኳቸው። አውቶቡሱ ሞተር ሲያስነሣ ነው፣ ኬንያ በመንገዱ ግራ ስለሚነዱ በሩ በሌላው ጎን መሆኑ የታየኝ። ውስጥ ያሉት መስኮቱን እየደበደቡ ሾፌሩን አስቆሙልኝ፤ ስገባ አጨበጨቡልኝ።

ማርሳቢት ላይ ጉም ነበር፤ በረሃ ውስጥ ጉም ማየት ልክ በሐምሌ እንጦጦ ላይ ግመል እንደማየት ነው። ኢሲዮሎ ላይ ምሳ በላን። ኡጋሊ የሚሉት ነገር ቀረበልኝ፤ ከነጭ በቆሎ የተሠራ ገንፎ ነው። ግን መሐሉ ጉድጓድ የለው፣ ቅቤ የለው፣ በርበሬ የለው። አራስ ለመጠየቅ የሚያበቃ መልክ የለውም። ከጎመን ጋር ሲበላ ሆድ ይይዛል፤ ናይሮቢ እስክገባ አልራበኝም፣ ስለዚህ የጀመርኩትን ስድብ እዚህ ላይ አቆማለሁ።

አመሻሽ ላይ ደረስኩ። ስብሰባውን የጠሩት ሰዎች ያዘጋጁልኝ ማረፊያ የማማ ሃሊማ ቤት ነው። ማማ ሃሊማ ከባሕር ዳርቻው አገር የመጡ፣ ድምፃቸው ከጓዳ እስከ በር የሚሰማ፣ እንግዳን ሁሉ «ዳዳ» የሚሉ ሴትዮ ናቸው፤ እህቴ ማለት ነው። በኮኮናት የተቀቀለ ሩዝ ከባቄላ ጋር አቀረቡልኝና በልቼ እስክጨርስ ከፊቴ አልተነሡም። እግሬን ሙቅ ውኃ ውስጥ አስነከሩኝ። እንዲህ ያለ ነገር ያደረገልኝ የመጨረሻ ሰው እናቴ ነበረች።

እንግዲህ ስሕተቱ የተሠራው እዚህ ላይ ነው፤ አንባቢ ቀስ ብሎ ይከተለኝ።

ጽሑፉን የማነበው ሐሙስ፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ መኪናው በስምንት መምጣት አለበት። ማማ ሃሊማ ግን የውጭ አገር ሰው ናቸው፤ በእኛ ብነግራቸው ይሳሳታሉ። ለእሳቸው እንዲመች በልቤ ወደ ፈረንጅ መለስኩትና በእንግሊዝኛ «ነገ መኪናው በሁለት ሰዓት ይምጣልኝ» አልኳቸው።

ማማ ሃሊማ ደግሞ የሚያውቁትን አወቁ። ለካ በስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጠረው እንደ እኛ ከንጋት ጀምሮ ነው! እኔ ይህን አላውቅም፤ እሳቸው ግን ኢትዮጵያውያን እንግዶች አስተናግደው የእኛን ጠንቅቀው ያውቃሉ። «ይህች ምስኪን የምትናገረው በአገሯ ሰዓት ነው፤ እንዳላደናግራት» ብለው እንደ እኛ አሰቡልኝ። በእኛ ሁለት ሰዓት ማለት ደግሞ ገና ማለዳ ነው።

«ሁለት?» አሉኝ።

«ሁለት» አልኩ።

ተሳሳቅን፤ ተመራርቀን ተኛን።

ሐሙስ ጠዋት ፀጉሬን ታጥቤ በፎጣ ጠቅልዬ ሳለሁ የመኪና ጥሩምባ ሰማሁ። ማማ ሃሊማ በሩን ከፍተው ገቡ።

«ዳዳ! መኪናው መጣ! ሁለት ሰዓት ሆነ!»

ስልኬን አየሁ። ስምንት ሰዓት ይላል። ስምንት! በልቤ የያዝኩት ስምንት! የሦስት ቀን የአውቶቡስ ድካም ነውና ከቀትር በኋላ ድረስ ተኝቼ ዋልኩ ማለት ነው ብዬ ደነገጥኩ። ፀሐይን አይቼ ባረጋግጥ ኖሮ! ግን ናይሮቢ ያን ቀን ከዳር እስከ ዳር ደመና ነበር፤ ፀሐይ ምስክርነት አልሰጠችም። ስድስት መቀነስ የተባለ ነገር፣ ዕድሜ ልኬን ስሠራው የኖርኩት ሒሳብ፣ ከራሴ ላይ በፎጣው ተጠርጎ ሄደ። ማማ ሃሊማ ጫማዬን በአንድ እጃቸው፣ እኔን በሌላው ይዘው መኪና ውስጥ ከተቱኝ። የጋሽ ለገሠ ጽሑፍ በክሩ እንደታሰረ አልጋው ላይ ቀረ።

የአዳራሹ የግድግዳ ሰዓት ልክ ዘጠኝ ሲል ገባሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደረስኩ አልኩ። ሰብሳቢዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ረጅም ሴት ነች፤ ፊት ለፊት ቆማ ትልቅ ባዶ ስክሪን ታያለች። የመጀመሪያው ተናጋሪ ከአውሮፓ በስክሪን ሊቀርብ ነበር። ግን የለም። ቆይቶ እንደተሰማው በአገሩ በየዓመቱ በጋ ሲገባ ሰዓት አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋል፤ እሱ ግን ወደኋላ ገፍቶታል።

«ከተናጋሪዎች ውስጥ እዚህ የተገኘ ሰው አለ?» አለች።

እጄን አወጣሁ። «እኔ አለሁ፤ ሰዓቴም ነው።»

ወረቀቷን አየች። «የእርስዎ ከሰዓት በኋላ ነው።»

«አሁን ከሰዓት በኋላ አይደለም እንዴ?»

አንድ ሰው በእጁ ቁርስ የያዘበትን ሳህን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ያን ጊዜ ስድስት ቀነስኩ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ለመሬቷ አዝንላት ነበር፤ ፀጉሬ ይንጠባጠባል።

ሰብሳቢዋ ግን ሳቀች፤ የክፋት ሳቅ አልነበረም። «እባክዎ ያድኑን፤ አሁኑኑ ይናገሩልን» ብላ ድምፅ ማጉያውን ሰጠችኝ።

እዚህ ላይ ወረቀቱ ቤት ስለቀረ ነው ብዬ ማለፍ እችላለሁ። አይደለም። ጽሑፉን የተረጎምኩትም የተየብኩትም እኔ ነኝ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃሌ አውቀዋለሁ። «ፀሐይ የግል፣ ሰዓት የጋራ» የሚለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ማማ ሃሊማ ትዝ አሉኝ። ዓለም ሁሉ አንድ ሰዓት ቢኖረው እኔና እሳቸው ዝም እንል ነበር? እኔ ለእሳቸው ብዬ፣ እሳቸው ለእኔ ብለው የሆነ ነገር ደምረን ቀንሰን እንገናኝ ነበር እንጂ። ያጋጨን ደግነታችን ነው፤ እሱን ደግሞ በምን ሕግ ትከለክለዋለህ?

ስለዚህ የጠዋቱን ታሪክ እንዳለ ነገርኳቸው። ፎጣውን ጭምር። ሳቁ እንዴት እንደጀመረ አላውቅም፤ መጀመሪያ የሳቁት ኬንያውያኑ ናቸው፤ እነሱ የሁለቱንም ወገን ስሕተት ገና ከመጀመሪያው አውቀውታል። ከኋላ አንድ የጭነት አስተላላፊ ተነሥቶ፣

«እና መፍትሔው ምንድን ነው ይላሉ?» አለኝ።

የዲላው ዘበኛ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። «እኛ ጋ» አልኩ፣ «አንድ ዘበኛ አለ። እናቱም ብትሆን በማን ሳይላት ሰዓት አይቀበልም። ጥያቄው አንዲት ቃል ናት። በማን? ከሰው ሰዓት ከመቀበላችሁ በፊት ይህን ጠይቁ። እኔ ትናንት ማታ ብጠይቅ ኖሮ አሁን ፀጉሬ ደርቆ ነበር።»

ሰብሳቢዋ ቃሉን ደግማ እንድነግራት ጠየቀችኝ። «በማን» አልኩ። «በማን» አሉ አዳራሹ ውስጥ ያሉት፣ አንዱ በአፍንጫው፣ አንዱ በጉሮሮው። ለሻይ ሲወጣ አስተናጋጁ በስዋሂሊ «ምሳ በስድስት ተኩል ነው» ቢላቸው ሦስት ሰዎች በአንድ ድምፅ «በማን?» አሉት። ሰውዬው ግራ ገብቶት ኃላፊውን ሊጠራ ሄደ።

እኩለ ቀን ላይ ማማ ሃሊማ ጽሑፉን፣ ማበጠሪያና የተጠቀለለ ቻፓቲ የሚሉት ቂጣ ይዘው በታክሲ ደረሱ። ጥፋታቸውን ሲሰሙ አልቅሰው ሊያስለቅሱኝ ነበር፤ ከዚያ የስብሰባው አዳራሽ በር ላይ ቁጭ አድርገው ፀጉሬን አበጠሩልኝ። ከሰዓት በኋላ፣ በእኔ ትክክለኛ ሰዓት፣ ጽሑፉን ይዤ ወደ ሰብሳቢዋ ሄድኩ። «እርስዎማ ግሩም አድርገው ተናግረዋል» አለችኝና ተራዬን ያ ከአውሮፓ የጠፋው ሰውዬ በስክሪን መጥቶ እንደወሰደው አሳየችኝ። ስለ ሰዓት አክባሪነት ተናገረ። ረዘም አድርጎ።

በማግሥቱ ጉባኤው ሲዘጋ ከእንግዲህ ማንም የስብሰባ ሰዓት ሲልክ በማን አቆጣጠር እንደሆነ አብሮ እንዲጽፍ፣ የተቀበለም እንዲጠይቅ ተስማሙ። የጋሽ ለገሠን አንዱን ሰዓት ያነሣው ሰው አልነበረም። ሊያነሡት አይችሉም፤ የሰማቸው የለማ።

በመልስ መንገዴ ብዙ የሚነገር የለም፤ በሩ የት እንዳለ ተምሬአለሁ። ሞያሌ ላይ ወይዘሮ ጫልቱ «አስተካከልሽው?» አሉኝ።

«አይ፣ አልሆነም።»

«እኔም ገምቼ ነበር» አሉና አንድ ቴርሞስ መርቀው ሰጡኝ።

አቃቂ ስመለስ ሁሉም ጠየቀኝ። ጎረቤቶቼ ስለ ናይሮቢ ፎቅ፣ የንባብ ቤቱ ሰዎች ስለ ኡጋሊ። ጋሽ ለገሠ ብቻ አልጠየቁኝም። በየእሁዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እሄዳለሁ፤ ስለ ጎማው፣ ስለ ምስጡ፣ ስለ ማማ ሃሊማ እነግራቸዋለሁ፤ ይስቃሉ። ወሬው ወደ አዳራሹ ደጃፍ ሲደርስ እኔ ሻይ እቀዳለሁ፣ እሳቸው ወደ ሐዲዱ ያያሉ። ጽሑፉ ቦርሳዬ ውስጥ አብሮኝ ይመላለሳል።

በአንዱ እሁድ፣ ዝናብ አባርቶ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። መነጽራቸውን አድርገው አዩት። በጣታቸው ክሩን ነካ አደረጉት።

«ይህ እኔ ያሰርኩት ነው» አሉ። «የባቡር ቋጠሮ ነው፤ አንዴ ከተፈታ አንቺ መልሰሽ አታስሪውም።»

«አላነበብኩትም ጋሽ ለገሠ።»

«ከለከሉሽ?»

«አልከለከሉኝም። ወረቀቱ ማረፊያዬ ቀርቶ ነበር፤ ግን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ልለው እችል ነበር። ሌላ ነገር ተናገርኩ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሁለቱን፣ ስምንቱን፣ ፎጣውን፣ ዘበኛውን። አንዴም አላቋረጡኝም። እሳቸው ሳያቋርጡኝ ስናገር የመጀመሪያ ቀኔ ነው፤ ከማቋረጣቸው ይልቅ ይህ አስፈራኝ። ስጨርስ የወይዘሮ ጫልቱን ጥያቄ ጨመርኩላቸው፤ ለመሆኑ ሰዓቱን ማን አበላሸው?

የጋሽ ለገሠ ትከሻ መነቃነቅ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ተነሣሁ። እየሳቁ ነው።

«በጣቢያዬ ሕዝቡ ባቡር እያመለጠው አሳዘነኝና የግድግዳውን ሰዓት ግማሽ ሰዓት ወደፊት ገፋሁለት» አሉ። «ደግ መሆኔ ነው። ሕዝቡ ነቃ፤ የለገሠ ሰዓት ይቸኩላል ብሎ ግማሽ ሰዓት እየቀነሰ መምጣት ጀመረ። ባቡር ነጂው ደግሞ ሕዝቡ ማርፈዱን አይቶ አዘነለት፤ ቀስ እያለ መምጣት ያዘ። ማን እንዳበላሸው እኔ ልንገርሽ? እኔም አላውቅም። ሁላችንም አዝነን ነው።»

ክሩን ሳይፈቱ ጽሑፉን አንሥተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ግን አንቺ ተናገርሽ?» አሉ ቆይተው። «ሰው ፊት ቆመሽ? በራስሽ ድምፅ?»

«ቆሜ።»

«ሳቁልሽ?»

«ሳቁልኝ።»

«ስንት ሰዓት ላይ ነበር?»

«በሦስት ሰዓት።»

ጋሽ ለገሠ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። መነጽራቸውን አወለቁና በደንብ አዩኝ።

«በማን?» አሉኝ።